እናቴን የሚያገላብጥ ሰው ስለማስፈለጉ

ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ
ቀን፦ ጥር 16

ጉዳዩ፦ ከሌሎች አገሮች ጋር ለመወዳደር ሲባል ከእናቴ አልጋ አጠገብ መባረሬን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ልብስ ሰፊ ነኝ። ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ያላቸው እናቴ በሆስፒታሉ ሁለተኛ ፎቅ፣ አልጋ ቁጥር አሥራ አራት ላይ ተኝተዋል። እስካለፈው ሳምንት የማጥባቸው፣ የማጎርሳቸውና የማገላብጣቸው እኔ ነበርኩ። ነርሷም ሥራ ሲበዛባት «እህቴ፣ እግረ መንገድሽን እኚህንም አገላብጪልኝ» ትለኝ ስለነበር፣ የጎረቤት አልጋ በሽተኞችም ልጅ ሆኜ ከርሜያለሁ።

1. ሰኞ ዕለት የጥበቃ ሠራተኛው ክንዴን ይዞ አስወጣኝ። የአገሮችን ሕክምና የሚያወዳድሩ እንግዶች ሊመጡ ስለሆነ፣ እርስዎም ለጉብኝት በሄዱበት አገር በሽተኛ ክፍል ውስጥ አስታማሚ ስላላዩ ነው ተባልኩ። ያዩት እውነት ይሆናል። እዚያ አስታማሚ የሌለው ግን የሚያገላብጥ ነርስ ስላለ ነው። ክቡርነትዎ ነርሶቹን እዚያው ትተው ባዶውን ወንበር ብቻ ይዘውልን መጡ።

2. በእናቴ ክፍል ለሠላሳ በሽተኛ ሁለት ነርሶች አሉ። እነሱን ለመክሰስ አይደለም፤ ቆመው ውለው እግራቸው አብጧል። እንግዶቹ ጸጥታውን አድንቀው ሄዱ አሉ። ውሃ ጠይቆ የሚሰጠው ያጣ ሰው መቼም ዝም ይላል። ከሄዱ በኋላም ክልከላው አልተነሣም፤ የውድድሩ ውጤት እስኪነገር ጠብቂ ተብያለሁ።

3. የጽዳት ሠራተኛዋ እንደነገረችኝ የእናቴ ጀርባ ቆስሏል። አንጀቴን ያሳረረኝ ግን ሌላው ወሬዋ ነው። እናቴ «ልጄ ሞታ ደብቃችሁኝ ነው፤ ብትኖርማ ሳታየኝ አታድርም» እያሉ እህል አልቀምስ ብለዋል። በቁሜ እያለቀሱልኝ ነው።

ስለዚህ ወይ የሚያገላብጣቸው ነርስ እንዲመደብ፣ ወይ እኔ እንድገባ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። ደረጃችን ዝቅ የሚል ከሆነ የጽዳት ልብስ ለብሼ፣ መጥረጊያ ይዤ እገባለሁ፤ ልብሱንም ራሴ እሰፋዋለሁ። እንግዳ ሲመጣ መጸዳጃ ቤት እደበቃለሁ።

ውሳኔው የሚዘገይ ቢሆን እንኳ፣ ዛሬውኑ አንድ ሰው ወደ አልጋ ቁጥር አሥራ አራት ተልኮ አለመሞቴን ይንገርልኝ። ጠጋ ብሎ ይሁን፤ የሚሰሙት በግራ ጆሯቸው ብቻ ነው።

ከበሩ ውጭ ሆኜ፣ ከሰላምታ ጋር
(ፊርማ)
ልብስ ሰፊዋ፣ የአልጋ ቁጥር አሥራ አራት ልጅ