ከመስኮቱ በላይ ያለው እንጨት

ይድረስ ለወንድሜ ለካሤ፤ ካርቱም።

ወንድም ዓለም፥ እንደምን ሰነበትክ? እንደምን ከረምክ? ሰባት ክረምት እንደምን አለፈልህ? ጤናህስ እንዴት ነው? በብርድ ቀን ይነሣብህ የነበረው የጉልበት ቁርጥማት በዚያ በሞቃቱ አገር ለቀቀህ ወይስ አብሮህ ተሰደደ? እህል በደንብ ትበላለህ? ከአገር ልጅ ጋር ትውላለህ? በዓል ሲሆን የምትሄድበት ቤት አለህ? ደግሞስ አግብተህ፣ ወልደህም እንደሆነ፣ እኔ አክስት መሆኔን ሳላውቅ ላርጅ? ጥያቄው ብዙ ነው፤ ሁሉንም ባንድ ጊዜ መመለስ ቢያስቸግርህ ጤናህን ብቻ ንገረኝ። ካርቱም ግንበኛ ሆኖ አየሁት ብሎ ነጋዴው ያሲን ከነገረን እንኳ አራት ዓመት አለፈው፤ ከዚያ ወዲህ ወሬህ ጠፍቶብን ነበር።

እኛ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና ሁላችንም ደኅና ነን። አባባ ከዓይናቸው መድከም በቀር ምንም አልሆኑም፤ ድምፃቸው እንደሆነ ከበፊቱ ብሷል፤ ሲቆጡኝ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። እኔ እዚሁ ሰቆጣ አስተምራለሁ። አንዷለም የሚባል የአበርገሌ ሰው አግብቻለሁ። የእንስሳት ሐኪም ነው፤ እንግዳ ቤት ሲመጣ ዝም ይላል፣ ፍየል ሲያይ ግን አፉ ይፈታል። ብርሃን የሚባል የአምስት ዓመት ልጅ አለን። የምንኖረው ከአባባ ጋር በዚያው በአያታችን ግንብ ቤት ነው። የምጽፍልህም ስለዚሁ ቤት ነው።

ካለፈው ጥምቀት በኋላ የምሥራቁ ግድግዳ፣ መስኮቱ ያለበት፣ ሆድ አወጣ። መጀመሪያ ከመስኮቱ ጥግ ወደ ላይ የሚሄድ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበር፤ ለፋሲካ ግን የብርሃን ጣት ይገባበት ጀመር። ልጁ ደግሞ አያርፍም፤ በየቀኑ እየለካ ዛሬም ገባልኝ እያለ ያበስረናል። ክረምት ገብቶ ዝናብ ከመታው ግድግዳው እኛ ላይ እንደሚተኛ ለማወቅ ግንበኛ መሆን አያስፈልግም ነበር።

ስለዚያ መስኮት ከኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ቢሆንም ሰባት ዓመት ሙሉ በቤታችን ነገሩ ተነሥቶ አያውቅምና አንድ ጊዜ ልጻፈውና ይውጣልኝ። እናታችን ወለተ ሰንበት ታማ በጨለማው ጓዳ ተኝታ ሳለ ፀሐይ ማየት አማረኝ አለች። አባባ ማሽላ ለመግዛት ኒሯቅ ገበያ ወርደው ነበር። አንተ በአራት ቀን ውስጥ የአያታችንን ግንብ ሰርስረህ መስኮት አወጣህላት። አባባ ሲመለሱ የአባቴን ግንብ ቀደድከው ብለው ቤቱን ቀወጡት። ከሁለት ወር በኋላ እናታችን ስታርፍ ደግሞ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ የገደላት በዚያ መስኮት የገባው ነፋስ ነው አሉ። አርባዋ በወጣ ማግስት ሄድክ። ያን ጊዜ አንድ ቃል ሳልተነፍስ መቅረቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ወደ ግድግዳው ልመለስ። ግንበኛውን ምንይሉን ጠራነው። በመዶሻው እጀታ መታ መታ አደረገ፣ ጆሮውን ደቅኖ አዳመጠ፣ ከዚያ መላው ሁለት ነው አለን፤ ወይ ግድግዳውን አፍርሶ ከመሠረቱ መገንባት፣ ወይ መስኮቱን በድንጋይ ደፍኖ ግድግዳውን ማሳረፍ። አባባ ሁለቱንም እምቢ አሉ። የአባታቸውን ግንብ ማፍረስ እንደማይሆንላቸው ገባኝ። መስኮቱን ለምን እንደማያስደፍኑ ግን ምክንያት አልሰጡም። የሚያውቅ ሰው ጠይቂ ብቻ አሉኝ።

ማንን ልጠይቅ? የያሲንን ልጅ ፊርደውስን ታስታውሳታለህ፤ አብራኝ የተማረችውን። ከአባቷ የጨርቅ ሱቅ ጎን ሦስት ኮምፒውተር አስገብታ የኢንተርኔት ቤት ከፍታለች። መስመሩ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል፤ አንድ ገጽ እስኪከፈት ሽሮ ይበስላል። በየአገሩ የተበተኑ የዋግ ልጆች የሚወያዩበት መድረክ እንዳለ ያሳየችኝ እሷ ናት። ስለ ሠርግ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ መንገድ ሥራ ይጻጻፋሉ፤ የሚበዙት አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል ስለሚጽፉት ለማንበብ ምላስ ያስራል። እኔም ጻፍኩ። እንደ ደንባችን ከሰላምታ ጀምሬ የሁሉንም ጤና፣ የልጆቻቸውን ደኅንነት፣ ያሉበትን አገር ብርድና ሙቀት ጠየቅሁ። ፊርደውስ ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ ወደ ግድግዳው ግቢ እያለች ትጎሽመኛለች።

በሦስተኛው ቀን ዘጠኝ ሰው መልሶልኝ ነበር። ስማቸውን ብታይ ትስቃለህ፤ አንዱ አንበሳው ነው፣ ሌላው የተከዜ አዞ ነው። ምክሩን በወረቀት ገልብጬ ለአባባ አነበብኩላቸው። አንበሳው ስንጥቁን በሲሚንቶ ሙሉት ይላል፤ አዞው በጭቃ የቆመ ግንብ ሲሚንቶ አይስማማውም ይላል። አባባ በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ፣ አንበሳው የማን ልጅ ነው አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። አዞውስ? እሱንም አላውቅም። አባቱን የማላውቀው ሰው ቤቴን እንዲህ አድርግ ሲለኝ እሺ የምል ይመስልሻል ወይ ብለው ተቆጡ። ለካ እሳቸው እነዚያን ሰዎች ከአንድ ዛፍ ሥር የተቀመጡ ሽማግሎች አድርገው ነው የሚያስቧቸው።

ምን ላድርግ፣ ሰዎቹን ጠየቅኋቸው። አባቴ ምክራችሁን የሚቀበሉት የማን ልጅ እንደሆናችሁ ሲያውቁ ነው ብዬ ጻፍኩ። ይስቁብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ማንም አልሳቀም። አንበሳው የኒሯቁ የአጥናፉ የልጅ ልጅ ሆኖ ተገኘ፤ አባባ አያቱን ያውቋቸው ነበር። የተከዜ አዞ የይግዛው ልጅ ነው፤ ተከዜን በዓይኑ አይቶት እንደማያውቅ ራሱ ተናዘዘ። አንዲት ሴት ደግሞ አባቷን እንደማታውቅ ጻፈች። አባባ ሁለት ቀን ሲያዝኑላት ሰንብተው፣ የእናቷን ስም ትንገረን፣ እናትም ትበቃለች አሉ። ከዚያ ወዲህ መድረኩ ላይ አዲስ የሚመጣው ሁሉ ሳይጠየቅ የወላጆቹን ስም እየጠራ መግባት ጀመረ። አባባም ጋቢያቸውን ደርበው አብረውኝ ፊርደውስ ዘንድ መምጣት ያዙ። እሳቸው በቀሩበት ቀን ደግሞ ስመለስ ደጅ ላይ ቆመው ሽማግሎቹ ተነሡ ወይስ ገና ናቸው ይሉኛል። እዚያ መነሣት የሚባል ነገር እንደሌለ እስካሁን ላስረዳቸው አልቻልኩም።

በግንቦት መጨረሻ የሁሉም ሐሳብ አንድ ላይ ወደቀ፤ መስኮቱን ድፈኑት። ምንይሉም ይህንኑ ነበር ያለው። ይህን ያህል ሰው ከመከረ እኔ ማን ነኝ አሉ አባባ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። ድንጋይ አስመጡና መስኮቱ ሥር ተከመረ። ምንይሉ ሰኞ ጠዋት ሊጀምር ተቀጠረ። ያን ሰሞን ጓዳ ስገባ ዓይኔን ወደ መስኮቱ ማንሣት አቃተኝ። ከአንተ እጅ የቀረን እሱ ብቻ ነበር፤ ሊደፈን ነው።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ከአባባ ጋር ፊርደውስ ዘንድ ጎራ አልን። አዲስ መልስ መጥቷል። ስሙ መንገደኛ፣ አገሩ ሱዳን ይላል፤ ከዚያ በፊት አንድም ቀን ጽፎ አያውቅም። ሰላምታ እንኳ አልነበረውም። ለአባባ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፦

«መስኮቱ አይደፈን። ከመስኮቱ በላይ የተጋደመው እንጨት ወይራ አይደለም፣ ባሕር ዛፍ ነው። ጭቃ ስለተመረገበት አይታይም። እስካሁን ምስጥ ጨርሶታል። ግንቡ ደኅና ነው፤ ጥፋቱ የእንጨቱ ነው። ከውስጥም ከውጭም በባላ ደግፋችሁ በወይራ ቀይሩት።»

አባባ ድገሚልኝ አሉ፤ ደገምኩ። እኔ በጥያቄዬ ውስጥ ስለ እንጨት አንድ ቃል አልጻፍኩም። ከምርጊቱ ሥር ምን እንዳለ እኔ አላውቅም፣ አባባ አያውቁም፣ ምንይሉም አያውቅም። የሚያውቀው ያስቀመጠው ሰው ብቻ ነው። እንባዬ መጣ፤ ፊርደውስ ምን ሆንሽ ብትለኝ አቧራ ገባብኝ አልኳት። አባባ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው በአገራችን አገውኛ፣ በኽምጣንጋ፣ ለራሳቸው አንድ ነገር አጉተመተሙ። እኔ እንደ ልማዴ የማን ልጅ ነህ ብዬ ልጽፍ ጣቴን ሳነሣ እጄን ያዙኝ።

«ይሄንን አትጠይቂው» አሉኝ።

ሰኞ ምንይሉ ሲመጣ አባባ በድንጋዩ ፋንታ ባላ አስያዙት። ግድግዳው ተደግፎ ሲያበቃ ምርጊቱን ራሳቸው በቢላ ጫፍ ፋቁት። እውነትም ባሕር ዛፍ ነው፤ ላዩ እንጨት ይመስላል፣ ሲነኩት ግን እንደ ገለባ ይረግፋል። አባባ ወደ ውስጥ ገብተው ከአልጋቸው ሥር ያን ለበር ብለው ሲያደርቁት የኖሩትን የወይራ ግንድ ጎትተው አወጡ። መስኮቱን ባወጣህ ጊዜም እዚያው ነበረ። አንተ እያየኸው፣ የሳቸው ነውና ሳያዙህ ላትነካው ብለህ፣ ከየትም ለምነህ ባመጣኸው ባሕር ዛፍ ነው የሠራኸው። ይህ ነገር ከምንም በላይ ሰበራቸው። ግንዱ ላይ ቁጭ አሉና፣ ምንይሉ እየሰማ፣ ልጁ እኮ ወይራዬን እንኳ አልነካብኝም አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እናትሽን ነፋስ አልገደላትም» አሉኝ። «ጠዋት ፀሐይዋ ስትገባ ፊቷን ወደዚያ አዙራ ደስ ሲላት በዓይኔ አይቻለሁ። ኀዘኔን የምጥልበት ባጣ በልጁ ላይ ጣልኩት።»

ካሤ፥ ይህን የጻፍኩልህ እንደተናገሩት ነው፤ ከኔ የጨመርኩበት የለም።

ግድግዳው አሁን ደኅና ቆሟል። ወይራው ገብቷል፣ ስንጥቁ በጭቃ ተሞልቷል፤ ብርሃን ጣቱን የሚያስገባበት አጥቶ አኩርፏል። የተረፈውን ድንጋይ አባባ ከመስኮቱ ውጭ መደብ አሠሩበት፤ ጠዋት ጠዋት እዚያ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሰሞኑን የጣለው ዝናብ አንድ ጠብታ አላስገባም። ሥራህን አየሁልህ ወንድሜ፤ አንድ እንጨት ቢጎድለው እንጂ ቀጥ ያለ ነበር።

አንዷለም ባያውቅህም በጣም አድርጎ ሰላም ይልሃል፤ ፍየል ካለው ስለ ጤናዋ ጠይቂልኝ ብሎኛል። ብርሃን መስኮቱን የሠራው አጎቱ መሆኑን ከሰማ ወዲህ፣ ለሱም በቁመቱ ልክ ዝቅ ያለ መስኮት መጥተህ እንድትሠራለት አዝዟል። ምንይሉ ሰላም ብሎሃል፤ እንጨቱን ሳያይ መስኮት ድፈኑ ማለቱ አሳፍሮታል። ፊርደውስም ሰላም ትልሃለች፤ አቧራው ምን እንደነበር በኋላ ነግሬያታለሁ። ይህን ደብዳቤ መተማ ድረስ የሚወስደው አባቷ ያሲን ነው፤ ከዚያ ወደ ካርቱም ለሚሻገር ለሚያምነው ሰው እሰጠዋለሁ ብሎኛል።

የአባባን ሰላምታ ለመጨረሻ ያቆየሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ለሽማግሎቹ ምስጋና ጻፊልኝ ብለው፣ መድረኩ ላይ የመከሩንን ሁሉ ከነወላጆቻቸው አንድ በአንድ እየጠሩ አጻፉኝ፤ ያቺን በእናቷ ስም የምትጠራውንም አልረሷትም። የአንተ ተራ ሲደርስ፣ መንገደኛ ብዬ ልጻፍ ወይ አልኳቸው። አይደለም አሉኝና ራሳቸው ቃሉን ነገሩኝ። እሱን ግን እዚያ ላወጣው አልሆነልኝም፤ የራሳችን የቤታችን ነውና በእጄ ጽፌ ልልክልህ ወረቀት ያዝኩ። አባባ ከስሞቹ ሁሉ መጨረሻ ላይ ያጻፉኝ ይህ ነው፦

ካሤ፣ የገብረ ሊባኖስ ልጅ።

እህትህ ጥሩሐረግ
ሰቆጣ፣ ሰኔ 9 ቀን 2001 ዓ.ም.