ሳልገልጣቸው የቀሩ አራት ገጾች

ላንድማርክ፣ አሌክሳንድሪያ
ሐሙስ፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለማርያማዊት፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ በሥጋ ደህና ነኝ፣ ክብሩ ይስፋ። ስልኬን ብሎክ ስላደረግሽው ይህን በእጄ ጽፌ ለኪራኮስ ሰጥቼዋለሁ። ፓርኪንጉ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራው ነው፤ ቤቱ እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ ስለሆነ በርሽ ሥር ያስገባዋል። እባክሽ ሳትጨርሺው አትቅደጂው።

በነሐሴ የላክሽልኝን ደብዳቤ፣ ፊደሉ ስልኬ ላይ ሳጥን ሳጥን እንዳይሆንብኝ ብለሽ ፒዲኤፍ አድርገሽው ነበር። ስከፍተው ጽሑፉ ከጉንዳን አነሰብኝ። ሳሰፋው የመስመሩ ጫፍ ከስክሪኑ ይወጣል፤ ጎትቼ ስመለስ የቱ መስመር ላይ እንደነበርኩ ይጠፋኛል። እንዲያ እየዳበስኩ "እማዬ ስትሞት ለምን አልጠራኸኝም?" የሚለው ላይ ደረስኩ። ወደ ላይ ብገፋው አልሄድ አለ። በቃ፣ አለቀ አልኩ። ንዴቱ ሳይበርድልኝ "ከእንግዲህ አባት የለሽም" ብዬ በድምፅ ላክሁብሽ።

ትናንት ለኪራኮስ አሳየሁት። በጣቱ ወደ ጎን ገፋ አደረገው።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ አምስት ገጽ ነው! ገና ከሰላምታው ነው እንዴ የተጣሉት?"

ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ሳቁን ትቶ ፊደሉን አጉልቶ፣ መስመሩን በስክሪኑ ልክ አድርጎ፣ ዓይን የሚወጋውን ነጭ አደብዝዞ ሰጠኝ። መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ይቅር ብለሽኝ ነበር። አርግዘሻል። ኅዳር 13 ከባልሽ ጋር ወደ ሲያትል ልትሄዱ ነው፤ ከነገ ወዲያ ማለት ነው። "ከዚያ በፊት ናና የእማዬን የመጨረሻ ጠዋት ንገረኝ፤ እሱን ይዤ ልሂድ" ብለሻል።

እሺ ልጄ። እናትሽ ጠርታሽ ነበር። "ማርያሜስ?" አለች፣ ሁለት ጊዜ። ነርሷም ቤተሰብ ይጠራ ብላኝ ነበር። እኔ ግን እናትሽን "ከሥራ ስትወጣ ትመጣለች" አልኳት። አንቺን ከጠራሁ መሞቷ እውነት የሚሆን መሰለኝ።

ሌላም አለ፤ ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩትም። ለኪራኮስ "ፊደሉ አንሶብኝ ነው" አልኩት እንጂ፣ ያን ዕለት ከገጹ ግርጌ አንድ ከአምስት የሚል ቁጥር አይቻለሁ። አይቼ ዘጋሁት። የቀረው ከዚያ የባሰ መስሎኝ ፈራሁ።

ነገ ከሚካኤል ቅዳሴ ወጥቼ በቀጥታ እመጣለሁ። ሕንፃችሁ በር ላይ እቆማለሁ። ባትከፍቺልኝም አልቀየምሽ፤ ቅዳሜም ዕቃ ስትጭኑ እዚያው ነኝ።

መልአኩ በክንፉ ይጋርድሽ። በሰላም ተገላገይ። ከአብራክሽ የሚወጣው አይራቅብሽ።

አባትሽ፣
በፈቃዱ