ያልበላነው ዓሣ

መካነ ሰላም፣ ግንቦት 2000 ዓ.ም.

ውድ ኸዲጃ፣

ሰላምታዬን ባስረዝመው ነገር ልታለዝብ ነው ትያለሽ ብዬ አሳጠርሁት። እኔ ደህና ነኝ። እናትሽን ቅዳሜ ገበያ አግኝቻቸው ነበር፤ ጉልበታቸውን ትንሽ ይዟቸዋል እንጂ እሳቸውም ደህና ናቸው። የምጽፍልሽ ስለ እህቴ ስለ የሻለም መልስ ስለምትጠብቂ ነው። መልሱን ከመስጠቴ በፊት ግን ባለፈው ነሐሴ ደሴ ላይ ጥዬሽ የሄድሁበትን ቀን ልነግርሽ እፈልጋለሁ። አንቺ ያየሽው በአንቺ በኩል ያለውን ነው። በእኔ በኩል የነበረውን አላየሽም፤ ልታዪውም አይገባሽም ነበር፣ ያሳፍራልና።

ጠርጣራነቴን ከማንም በላይ ታውቂያለሽ። አምስተኛ ክፍል ሳለን እስክሪብቶ ስታውሺኝ እንኳ መጀመሪያ መዳፌ ላይ ሞክሬው ነበር የምቀበልሽ። እናቴ «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» ስትል ሌላው ሰው ተረት ይሰማል፤ እኔ ትእዛዝ ነበር የምሰማው። አባታችን ከሞተ ወዲህ ታናሽ እህቴን ያሳደግኋት በዚሁ ጠባይ ነው፤ ማን አናገረሽ፣ ለምን ሳቀልሽ፣ ይህን ሻሽ ማን ሰጠሽ እያልሁ። አስተማሪ ከሆንሁም በኋላ የተማሪ ፈተና ሳርም መልሱ ልክ ከሆነ ደስ አይለኝም፤ ከማን ኮርጆ ይሆን እላለሁ።

እንግዲህ እንዲህ ያለችዋን ሴት ነው ከሰባት ዓመት በኋላ ከጅዳ መጥተሽ «ምረቃሽን የምደግሰው እኔ ነኝ» ያልሻት። ክረምት ክረምት ደሴ እየተመላለስሁ የተማርሁትን ዲፕሎማ የምቀበልበት ጊዜ ነበር። እናቴ ቤት ጠላ ተጠምቋል ብልሽ፣ እሱ ሌላ ነው አልሽኝ። እኔን የምትወስጂኝ ጠረጴዛው ነጭ የለበሰ፣ ሹካና ቢላ የሚቀርብበት ቤት ነው። ሳቅሁ፤ በሆዴ ግን «ለምን?» አልሁ። በዚያ ዓመት ከዓረብ አገር የተመለሰች ሴት ሰፈር ውስጥ ግብዣ ስታበዛ፣ ብዙም ሳይቆይ አንዲት ልጅ ከሰፈሩ ትጎድል ነበር። የእኔ የሻለም ደግሞ አሥረኛ ክፍል ተፈትና ውጤት ትጠብቃለች።

አውቶቡሱ ላይ አቀስታን እስክናልፍ ብርዱ አላናገረንም። ካለፍን በኋላ ከቦርሳሽ አንዲት ወረቀት አወጣሽ። የደሴን ሆቴሎች ስም ሰው ጠይቀሽ ጽፈሽ ኖሯል፤ የትኛው ጠረጴዛው ሰፊ እንደሆነ፣ የትኛው ጫጫታ እንደሚበዛበት፣ የትኛው ወጡን እንደሚያሳድር። አንቺ በደስታ ስታነቢልኝ እኔ መስኮት መስኮቱን እያየሁ፣ ለአንድ ምሳ ይህን ያህል የሚዘጋጅ ሰው ምን ቢፈልግ ነው እላለሁ።

ዲፕሎማዬን የተቀበልሁ ዕለት ልክ በምሳ ሰዓት ወደ መጀመሪያው ሆቴል ገባን። አስተናጋጁ ጥቁር ሰደርያ ለብሶ፣ ሜኑውን በሁለት እጁ ሰጠን። ሥጋው የማን እርድ እንደሆነ ጠየቅሽው። የእስላምም የክርስቲያንም አለን አለ፣ ኩራት ብሎት። ሁለት ሳህን ማለት ነው አልሽው። አዎ አለ። አመስግነሽው ተነሣሽ። እኔ ግራ ገባኝ፤ ቤቱ ያማረ ነበር። ዞር ስል ከጎናችን ካለው ጠረጴዛ የመካነ ሰላም ሰው የሚመስል ባለ ባርኔጣ ተቀምጧል። ገባኝ አልሁ፤ ከእኔ ጋር መታየት አልፈለገችም።

ሁለተኛው ቤት ዓሣ አለ አሉሽ። ወጥ ቤት ገብቼ ካላየሁት ብለሽ ተከራከርሽ፤ አስገቡሽ። ስትወጪ ፊትሽ ተኮሳትሯል። የዓሣው ዓይን ነጭ ሆኗል፣ ይህ የሰነበተ ነው አልሽኝ። እኔ ዓሣ ዓይን እንዳለውም አስቤ አላውቅ። ዓይኑን ለማየት ይህን ያህል ይቆያል? ከወጥ ቤቱ ሰው ጋር ምን ስታወራ ቆየች? ይህን ነበር የማሰላስለው። በአዲስ ጫማ ሦስተኛ ቤት ፍለጋ ዳገት ስንወጣ እግሬ ተልጦ፣ ሆዴ ጮሆ፣ ጥርጣሬዬም እንደ እኔው ርቦት ነበር።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው፤ ታስታውሽዋለሽ። ሶፍቱ እንደ ቄስ ቆብ ተጣጥፎ ብርጭቆ ውስጥ ቆሟል። ዓሣው በዚያው ጠዋት ከሐይቅ የመጣ መሆኑን አይተሽ አረጋገጥሽ። ከዚያ አስተናጋጇን «እስቲ ሰው ጆሮ የማይደርስበት ቦታ ስጭን» አልሻት። ጥግ ላይ አስቀመጠችን። አንድ ሙሉ ዓሣ አዘዝሽ፤ አንድ ሳህን።

እኔና አንቺ ስንት ሰርግ አብረን ሄደናል። አንድ ቀን ግን ሥጋ ከአንድ ሳህን በልተን አናውቅም። እናንተ ቤት ድግስ ሲሆን ለእኛ ለክርስቲያኖቹ ለብቻ በግ ይሰጠናል፤ የእኛ ሰው ያርደዋል፣ የእኛ ሰው ይሠራዋል። እኛ ቤትም ለእናንተ እንደዚያው። የየራሳችንን ወጥ ይዘን ከዳስ ወደ ዳስ እየተያየን ነው ያደግነው። ክፋት የለበትም፤ ወጉ ነው። አንቺ ግን ያን ቀን እንዲህ አልሽኝ፦

«ዓሣ አይታረድማ፣ ይታዬ። ማንም ቢስሚላህ፣ ማንም በስመ አብ አላለበትም። የማንም አይደለም፤ ስለዚህ የሁለታችንም ነው። ወላሂ፣ ሰባት ዓመት የሰው ዓሣ ስጠብስ ይቺን ቀን ነበር የማስበው።»

እንባዬ መጣ። እውነቴን ነው። ያን ሁሉ ደረጃ ያስወጣሽኝ፣ ሁለቱን ቤት ያስጣልሽኝ ለዚህ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ደስም አለኝ። ደስታው ግን አንድ ደቂቃ አልቆየም። ወጥመድ ላይም እህል ይደረጋል አልሁ በልቤ። ልክ ያን ጊዜ «የሻለም ሰሞኑን ምን ትላለች?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ምን ትላለች ብዬ መለስሁልሽ። በልተን እንነጋገራለን፣ ነገር በባዶ ሆድ አይነገርም አልሽና እጅሽን ልትታጠቢ ተነሣሽ። ቦርሳሽን ወንበሩ ላይ ተውሽው።

ከፈትሁት። ሶፍት ልፈልግ ነው ብዬ ለራሴ ዋሸሁ፣ ፊቴ ሶፍት ተደርድሮ ሳለ። በኪሱ ውስጥ አራት ጉርድ ፎቶ አገኘሁ። የሻለም ናት። ፀጉሯ በጥቁር ሒጃብ ተሸፍኗል፤ ከአንገቷ ማተቧ የለም። ጀርባውን ገለበጥሁት። በእስክሪብቶ «አሚራ» ተብሎ ተጽፎበታል። ወደ ጅዳ የሚላኩ የክርስቲያን ልጆች ፓስፖርት ላይ የእስላም ስም እንደሚወጣላቸው መቼም አገር ያውቃል። እህቴን ስም አውጥተሽ ጨርሰሽላታል ማለት ነው።

አንቺና ዓሣው እኩል መጣችሁ። ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ወረወርሁት።

«በአንድ ዓሣ ነው እህቴን የምትለውጭኝ?» አልሁሽ።

«ተቀመጭ ይታዬ። በአላህ ይሁንብሽ፣ አንዴ ስሚኝ።»

«ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርተሽ፣ አሁን ደግሞ ሰው መሸጥ ጀመርሽ?»

ፎቶውን ከጠረጴዛው ላይ መሰብሰብ ጀመርሽ። ማስረጃ ልትሸሽጊ ነው ብዬ ተረጎምሁት። አስተናጋጇ ሳህኑን ይዛ በመሀላችን እንደቆመች ደረጃውን ወረድሁ። በማግስቱ ብቻዬን ተሳፈርሁ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሁሉ አታውቂውም። ቤት እንደገባሁ የሻለምን አስቀምጬ፣ ከኸዲጃ ጋር ስትነጋገሪ ባገኝሽ የእናት ልጆች አይደለንም አልኋት። ፈርታ ስታየኝ ነበር የቆየች፤ ያንቺን ስም ስጠራ ግን ትንፋሿ መለስ አለ። አሁን ሳስበው ትንፋሿ የተመለሰው ሌላ ስም ስላልጠራሁ ነው። ያን ጊዜ ግን ንጹሕ ስለሆነች መሰለኝ፤ በሕይወቴ አንድ ጊዜ አመንሁ፣ ያውም በማይታመንበት ሰዓት። አንቺ ሁለት ጊዜ በራችን ድረስ መጣሽ፤ አልከፈትሁም። በእናትሽ እጅ የላክሽልኝን ወረቀት ሳላነብ ቀደድሁት። ረመዳን ሲገባ ተመልሰሽ ሄድሽ፤ ተገላገልሁ አልሁ።

ይህም አልበቃኝ። ጭንቄን የማካፍለው ሰው ፈለግሁና ምናለ ጋር ሄድሁ፤ ፎቶ ቤት ያለው ጎረቤታችን፣ የእናቴ ማኅበርተኛ ልጅ። የምረቃ ፎቶዬን ከፍሬም አስገብቶ ያለ ዋጋ የሰጠኝ እሱ ነው፤ ለዚያ እንኳ አልጠረጠርሁትም። ኸዲጃ ደላላ ሆናልሃለች፣ የእህቴን ፎቶ ከቦርሳዋ አገኘሁ ብዬ አንድ በአንድ ነገርሁት። ራሱን ነቀነቀ። አብሽሪ፣ ከየሻለም ላይ እኔ ዐይኔን አልነቅልም አለኝ። አመስግኜው ወጣሁ።

በጥቅምት የሻለም ሳትነግረን ወደ ጅዳ ሄደች። ምናለ ከእኛ ጋር ሦስት ቀን ተቀምጦ አጽናናን፤ ያንቺንም ስም እያነሣ ሲረግም እኔ አሜን አልሁ። አዎ ኸዲጃ፣ አሜን ብያለሁ።

ባለፈው ሳምንት የሻለም ጎረቤት ስልክ ደወለች። ስድስት ወር ድምፅዋን አልሰማሁም ነበር። የገባችበት ቤት ምን እንዳደረጉባት ሁሉን አልነገረችኝም፤ ከዚያ ቤት ሸሽታ መውጣቷን፣ አንቺ ፈልገሽ ማግኘትሽን፣ አሁን ያለችው አንቺ ጋር መሆኑን ነገረችኝ። ከዚያ ስለ ፎቶው ጠየቅኋት። ያነሣት፣ ሒጃቡን ያዋሳት፣ ስሙንም የጻፈላት ምናለ ነው። አንቺ ደሴ የምንሄድ ዕለት ጠዋት የራስሽን ፎቶ ልትወስጂ ገብተሽ የእሷን ጠረጴዛው ላይ አይተሽ ነጥቀሽው ወጥተሻል። እዚያው ብትነግሪኝ ዲፕሎማዬን ጥዬ እንደምቀር ስለምታውቂ፣ እስክቀበል ጠበቅሽኝ። ጆሮ የማይደርስበት ቦታ የፈለግሽውም ለዚህ ኖሯል።

ቶሎ አልነገርሽኝም ብዬ የሻለምን ተቆጣኋት። ስታለቅስ ቆየችና እንዲህ አለችኝ፦

«ኸዲጃ እስከዛሬ እንዳልነግርሽ አስምላኝ ነው እኮ። ይታዬ እኔ ጋር መሆንሽን ከሰማች፣ ያስመጣሁሽ እኔ ይመስላታል አለችኝ።»

አወቅሽኝ። ልክ «ኸዲጃ ጋር ነኝ» ስትለኝ፣ ሌላውን ከመስማቴ በፊት፣ «ይኸው፣ አላልሁም?» ብዬ ነበር። ከንፈሬ ላይ ደርሶ መልሼ ዋጥሁት። እህቴን ከመንገድ ላይ ያነሣሽልኝን ሴት እንደገና ልሰድባት ነበር። ስልኩን ዘግቼ የጎረቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። ያለቀስሁት ለየሻለም ብቻ አይደለም፤ ለእኔም ነው። ምናለ ጋር ሄጄ ያልሁትን አልጽፈውም። ፎቶ ቤቱን ዘግቶ ወደ ወልዲያ ሄዷል ይላሉ። በዚህች ከተማ ይህን ሁሉ ሰው ስጠረጥር ኖሬ፣ ልጠረጥረው የሚገባኝን አንድ ሰው በገዛ እግሬ ሄጄ ምክር ጠየቅሁት።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ይታይሽ ካልፈቀደች የትም አላስቀጥራትም፣ አሳፍሬ እልካታለሁ፤ ከፈቀደች ግን የማውቃቸው ደህና ሰዎች ቤት አስገባታለሁ ብለሻል አሉ። የሻለም መቆየት ትፈልጋለች፤ በባዶ እጅ መመለስ አፍራለች። እናቴ እንዳንቺ ይሁን ብላ ለእኔ ጥላዋለች። ሁለት ጊዜ «ላኪያት» ብዬ ጻፍሁ፤ ሁለቱንም ቀደድሁ። ላኪያት ያልሁት ለእሷ አስቤ አልነበረም። አንቺን አምኜ ከምቀመጥ እሷ በባዶ እጇ ብትመለስ ቀሎኝ ነው።

ስለዚህ ትቆይ። ቤቱን አንቺ ምረጭላት። ሰዎቹ እነማን እንደሆኑ፣ ለምን እነሱን እንደመረጥሽ አትጻፊልኝ፤ ብትጽፊልኝ ስንጥር ስፈልግ እከርማለሁ። በደልሁሽ ኸዲጃ። ይቅርታሽን ፖስታ ቤት ቆሜ አልጠብቅም፤ ሲመችሽ ስጭኝ፣ ባይመችሽም ነገሩ እውነትሽን ነው። በየወሩ አንድ መስመር ብቻ ላኪልኝ። ደህና ናት ካልሽ፣ ደህና ናት ማለት ነው፤ ሌላ ሰው አልጠይቅም።

የበደለችሽ እህትሽ፣
ይታይሽ