ሦስት ካርድ ለአንድ ፍሪጅ

ሰኞ

ቀዩ መብራት በርቷል፣ አረንጓዴው ጭጭ። ካርዱን አወጣሁ፣ በሸሚዜ ጠረግሁት፣ መለስኩት። ጭጭ። ሲስተሙን እንደገና ጫንኩበት። አሁንም ጭጭ።

ቦርዷ የእንጦጦው ጤና ኬላ ናት። መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር ነገር ናት፤ የክትባት ፍሪጁን ሙቀት ትለካለች፣ ሙቀቱ ከፍ ካለ ወይም መብራት ከጠፋ ስልኬ ላይ መልእክት ትልካለች፣ ደህና ከሆነችም በየሰዓቱ ታሳውቀኛለች። የሠራኋት እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት የማስታወሻ ካርዷ ሞተባት። "አዲስ ካርድ መክተት ብቻ ነው፣ የአስር ደቂቃ ሥራ!" አልኳቸው። ይቺ አፌ!

ነርሷ ሲስተር ዘነበች ቁርጡን ነገረችኝ። ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ ክትባቱ በመኪና ይመጣል። ቦርዷ ካልሠራች መኪናው ሳያወርድ ይመለሳል። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ከየጋራው ይመጣሉ። ባዶ ፍሪጅ ሊጠብቃቸው ነው።

ማክሰኞ

አገኘሁት! ቦርዷ አሮጌ ናት፣ ከሠላሳ ሁለት ጊጋ በላይ ያለ ካርድ አታውቅም። እኔ ደግሞ ትልቅ ይሻላል ብዬ ስልሳ አራት ገዝቼላታለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ሌላ ሌላውን ስነካካ የካርዱ ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር አላየሁትም።

እዚሁ ፈረንሳይ ሰፈር፣ ከቤቴ ወረድ ብሎ የስልክ ዕቃ የሚሸጠው ከድር ጋ ሄጄ ባለ ሠላሳ ሁለቱን ወሰድኩ። "እህቴ፣ ትልቁን ውሰጂ ያልኩሽ እኔ ነኝ እንዴ?" አለኝ እየሳቀ። አይደለም፣ የራሴ ጉራ ነው።

አረንጓዴው ብልጭ፣ ብልጭ። ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ከሰዓቱን ሙሉ ጠረጴዛዬ ላይ ሳትዛነፍ ሠራች።

ረቡዕ

ታክሲው ካደረሰኝ በኋላ ያለውን ዳገት በጾም ሆዴ በእግሬ ወጣሁት። አራት ሰዓት ላይ ሰካኋት፣ ሠራች። ሲስተር ዘነበች አቀፈችኝ። ተመስገን ብዬ ወረድኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝም አለች። ደወልኩ። "መብራት ሄዶ መጥቷል፣ ያንቺዋ ግን ቀይ ብቻ ናት" አለች ሲስተር።

ካርዱ ፎርጅድ ነው! ስምንት ጊጋውን ሠላሳ ሁለት ብለው ለጥፈውበት ይሆናል፤ ስንቴ አይቻለሁ። ለከድር ደውዬ አፌ እንዳመጣልኝ ተናገርኩት። "አጭበርባሪ" አልኩት። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ነው የሚያወራው፤ ደንበኞቹ ሁሉ ሰምተዋል። "ይዘሽው ነይ፣ አብረን እንየው" አለ።

ሁለት ቀን ቀረኝ።

ሐሙስ

በጠዋት ወጣሁ። ከድሮ ስልኬ ያወጣሁትን ባለ አስራ ስድስቱን ከተትኩላት፣ የከድርን ካርድ ይዤ ተመለስኩ። ቁልቁለቱን ሳልጨርስ ሲስተር ደውላ እንጦጦ መብራት መጥፋቱን ነገረችኝ። የቦርዷም ነገር አበቃ፤ መልእክት የለም፣ ምንም የለም። ይኼኛው ደግሞ ፎርጅድ ሊሆን አይችልም፣ ስልኬ ውስጥ አምስት ዓመት ኖሯል።

ከድር ካርዱን ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ እስከ አፉ ሞላው። ሠላሳ ሁለት ሙሉ። "ካርዱ ጤነኛ ነው" አለና አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ቀድሜ ከካርዱ የገለበጥኩትን የቦርዷን መዝገብ ከፈትኩ። የመጨረሻው መስመር መሐል ላይ ተቆርጧል፤ ልክ መብራት እንደሄደ። ግን ባለፈው ወር ባትሪ ገጥሜላታለሁ! መብራት ቢጠፋ ስድስት ሰዓት ትቆያለች። እየጻፈች ካልተነቀለች በቀር እንዲህ አትሆንም፤ ካርዱን የሚያበላሸውም እሱ ነው።

የሰኞው ጥፋት የካርዱ ስለነበር ሁሉም የካርዱ መስሎኝ ኖሯል። አንድ ሰው እየነካት ነው። ከሲስተር ሌላ እዚያ ያሉት ዘበኛው ጋሽ ደቻሳ ብቻ ናቸው። ነገ የምላቸውን ከአሁኑ እየደረደርኩ ነው። ተናድጃለሁ።

ዓርብ

ሦስት ሰዓት ላይ ደረስኩ።

"ጋሼ፣ መብራት ሲጠፋ ቦርዷን ይነካሉ?"

"እንዴታ! ሁሉንም ነው የምነቅለው" አሉ፣ ደረታቸውን ነፍተው። "ያቺን ትንሿንም፣ የባትሪዋ ገመድ ሳይቀር፣ አንድ ቀን ረስቻት አላውቅም። አንቺው አይደለሽ እንዴ የጻፍሽው?"

ግድግዳው ላይ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ፦ "መብራት ሲጠፋ ሁሉም ይነቀል!" አምና መብራት ሲመለስ በኃይል መጥቶ የመጀመሪያዋን ቦርድ ሲያቃጥልብኝ የለጠፍኩት ነው። ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው፣ እኔም ቤቴ አደርገዋለሁ። ባትሪውን ስገጥም ወረቀቱን ረሳሁት። እሳቸው አልረሱትም።

የደረደርኩትን ሁሉ ዋጥኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉኝ ነበር እናቴ። የእጄን አገኘሁ።

ወረቀቱን ቀደድኩ። "ትንሿ አትነካም" ብዬ አዲስ ጻፍኩ። የከድርን ካርድ እንደ አዲስ ጭኜ ከተትኩ፣ ቆጣሪውን አጠፋሁ። ጋሽ ደቻሳ እጃቸው ወደ ገመዷ ሄዶ ተመለሰ። አንድ ደቂቃ። ስልኬ ጮኸ፤ "መብራት የለም።" መኪናው አንድ ሰዓት ዘግይቶ፣ ዘጠኝ ላይ መጣና ሳጥኖቹን አወረደ።

ስመለስ ከድር ሱቅ ገባሁ። በሰው ፊት ነው የሰደብኩት፣ በሰው ፊት ይቅርታ አልኩት። "ኧረ ተይው እህቴ" አለ፣ ግን ፈገግ ያለው ዘግይቶ ነው። መብቱ ነው።

ቅዳሜ

ሁለት ሰዓት ተኩል። እዚህ ፈረንሳይ መብራት ጠፋ። እንጦጦስ? ስልኬን ጨብጬ በሩ ላይ ቆምኩ። መልእክት የለም። የልማድ እጅ አንዴ ከሄደ አይመለስም እያልኩ ለጋሽ ደቻሳ ደወልኩ። ተይዟል።

ከዚያ መጣ። "መብራት የለም። ፍሪጅ 4 ዲግሪ።" ደፉ ላይ ተቀመጥኩ።

ወዲያው እሳቸው ደወሉ። ከኋላቸው ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ ብዙ ሕፃናት።

"ልጄ፣ ስደውልልሽ ተይዟል ይለኛል። መብራት ጠፍቷል። እናቶቹ መጥተዋል፣ ሲስተር እየወጋች ነው። እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆሜያለሁ። መቼ ነው የማወጣው?"