መቶ በመቶ የሚያነብ ሰፈር

ለክቡር አቶ ሺባሂ ታካኖሪ
በካሚናሴ ከተማ አስተዳደር የዲጂታል አገልግሎት ማስፋፊያ ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

በረዶው ከጣራ ላይ መንሸራተት፣ የወንዙም ውሃ ከድልድዩ ሥር ድምፁን ማሰማት በጀመረበት በዚህ ሰሞን ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ሥራ ግድ ብሎዎት ከባለቤትዎና ከልጆችዎ ተለይተው በከተማችን ብቻዎን የሚያሳልፉት ሁለተኛ የበረዶ ወራት ነውና፣ ምድጃዎ ሳይጠፋ፣ ላምባዎ ሳያልቅ፣ ከሁሉም በላይ እግርዎ ወለል ላይ ሳያዳልጥዎ እንዲያልፍልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከድልድዩ ማዶ፣ እርስዎ ካሉበት የመንግሥት ቤት ጥቂት በሮች አልፎ የምኖር ኦሳናይ ፉሳኮ የምባል ባልቴት ነኝ። ተገናኝተን አናውቅም፤ ፎቶግራፍዎን ግን በየቦታው አየዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሳሳኝ በከተማችን መጽሔት ላይ ያወጡት ምክር ነው። የከተማዋ ድረ ገጽ አልነበብ አለን ብለው ያጉረመረሙ አዛውንቶችን ቅሬታ ከሰሙ በኋላ፣ ገጹን ከማስተካከል ይልቅ እኛን ማስተማር እንደሚሻል በጥበብዎ ተረድተው፣ ስለ ድረ ገጽ አሠራርና ለተጠቃሚ ስለሚመች ጽሑፍ የተጻፉ አምስት መጻሕፍት እንድናነብ መክረውናል። ጫማው ጠበበኝ ላለ ሰው ስለ ጫማ ስፌት መጽሐፍ ማዋስ የማንም ጭንቅላት የሚያመጣው ሐሳብ አይደለምና ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ምክር ሰሚ ነኝ። ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄጄ ከፎቶግራፍዎ ሥር ከተደረደሩበት አምስቱንም ተዋስኩ። ጀርባቸው ገና አልታጠፈም፣ ገጾቻቸውም ከፋብሪካ እንደወጡ ተጣብቀዋል። የቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እማማ፣ የመጀመሪያዋ ሰው እርስዎ ነዎት። ኃላፊውም ለፎቶው ያህል ነው የያዟቸው፤ እንደጨረሱ 'ኧረ ይከብዳሉ' ብለው ሰጡኝ» አለችኝ። ስለዚህ በውስጣቸው ያለውን ለእርስዎ መንገር የእኔ ዕዳ ሆነ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና በተራ በተራ ላቅርበው።

፩ኛ፦ ሰማያዊው መጽሐፍ፣ ሰው ወደ ገጽ የሚመጣው ጉዳይ ኖሮት ስለሆነ ጉዳዩን ደጃፉ ላይ አስቀምጡለት ይላል። በእኛ ገጽ ደጃፍ የሚቀበለን የከተማችን መለያ የሆነው፣ ባርኔጣ ያጠለቀ የተሳለ ዓሣ ነው። ዓሣው ከቀኝ ወደ ግራ እየዋኘ ይመጣና ሰው ሊያነበው የፈለገው ቃል ላይ ሲደርስ ቆሞ ክንፉን ያውለበልባል። በረዶ ጠራጊው መኪና በየትኛው ቀን በእኛ መንገድ እንደሚያልፍ ማወቅ የፈለገ ሁሉ ዓሣው ሰላምታውን እስኪጨርስ በትሕትና ይጠብቃል። ዓሣውን ጠልቼው አይደለም፤ ሕጻናት ይወዱታል አሉ። በእኛ ሰፈር ግን ሕጻን ካየን ብዙ ዓመት ሆኖናል።

፪ኛ፦ ሁለተኛው መጽሐፍ ጽሑፍ ከመደቡ ጎልቶ ይታይ ይላል። ክፍልዎ በነጭ መደብ ላይ የነጣ ግራጫ ፊደል መርጦልናል፤ ለዓይን የለሰለሰና ዘመናዊ ነው ተባልን። ከግድግዳዬ ማዶ የነበሩት ጎረቤቴ ወይዘሮ ኩዙማኪ ቶሜ፣ የሰማንያ ስድስት ዓመት ሴት፣ አስተዳደሩ ያደላቸውን ታብሌት ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው፣ «ይሄ ጽሑፍ ነው ወይስ በረዶ የጣለበት ማሳ? ፉሳኮ፣ እስቲ አንቺ የሰው ዱካ ካየሽበት ንገሪኝ» አሉኝ። እኔም አላየሁበትም።

፫ኛ፦ ወፍራሙ መጽሐፍ፣ ገጽ የሚሠራ ሰው ከአንድ አዛውንት አጠገብ አፉን ዘግቶ ተቀምጦ እጃቸው የት ላይ እንደሚደናገር ይመልከት ይላል። ባልደረቦችዎ ወደ ሰፈራችን አዳራሽ መጥተው ነበር፤ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ያወሩት ግን እነሱ ናቸው። የወይዘሮ ቶሜ ጣት ዕድሜ ልኩን ሩዝ ሲተክልና ጎመን ሲያጥብ የኖረ፣ የደረቀ ጣት ስለነበር ከማስታወቂያው ሥር «አንብቤያለሁ» የሚለውን ምልክት ሲነኩት የታብሌቱ መስተዋት አልሰማ አላቸው። ወጣቱ ባልደረባዎ፣ «እማማ፣ እንደሱ አይጫኑት፤ ቀስ አድርገው ይንኩት» አላቸው። እሳቸውም፣ «ልጄ፣ ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩማ አልነካሁትም ማለት ነው» ብለው አዳራሹን በሳቅ ሞሉት። ባልደረባዎም ሳቀ፤ መሳቁን እንጂ ችግሩን መጻፉን አላየሁም።

፬ኛ፦ እዚህ ላይ ግን ክፍልዎ አልሰማንም ማለት አልችልም። አዛውንቶቹ «አንብቤያለሁ» የሚለውን መንካት ስላቃታቸው የአንባቢው ቁጥር አሽቆለቆለ፤ የክፍልዎም ስም አብሮ። ስለዚህ በመከር ወራት አንድ ታላቅ ማሻሻያ ይፋ አደረጋችሁ። ማስታወቂያ ሲመጣ ታብሌቱ ራሱ ይበራል፣ ገጹ ራሱ ይከፈታል፣ ቀስ እያለ እስከ ታች ይወርዳል፣ መጨረሻ ላይም ራሱ «ተነቧል» ብሎ ይመዘግባል። «ያለ ድካም ንባብ» ብላችሁ ሰየማችሁት። የታችኛው ድልድይ ሰፈር መቶ በመቶ አንባቢ ሆነ፤ ክፍልዎም ተሸለመ። ሽልማቱን ይዘው የተነሱትን ፎቶግራፍ አይተነዋል፤ ዓሣውም ሰው ለብሶት ከጎንዎ ቆሟል። ቀጭኑ መጽሐፍ በመጨረሻው ገጹ፣ ቁጥር ያለ ልክ ሲያምር ሠሪው ይጠርጥር፣ ተነሥቶም ሰውየውን በዓይኑ ሄዶ ይይ ይላል። እስከ መጨረሻው ገጽ ለመድረስ ግን መጀመሪያ መክፈት ይጠይቃል።

፭ኛ፦ የመጨረሻው መጽሐፍ፣ አሮጌውን ነገር ከማንሣታችሁ በፊት ምን ይሠራ እንደነበር ጠይቁ ይላል። ከትልቅ ከተማ ስለመጡና ወጣት ስለሆኑ፣ ባለፈው ዓመት ክፍልዎ «ጊዜ ያለፈበት» ብሎ ከሰፈራችን የወሰደው ዟሪ ሰሌዳ ምን እንደነበር ላያውቁ ይችላሉና በድፍረት ላስረዳዎ። የአስተዳደሩ ወረቀቶች የተቆነጠጡበት፣ ገመድ ያለው ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው። እኔ አይቼ፣ ማየቴን እንድታሳይ ስሜ ያለባትን ትንሿን ማኅተሜን አሳርፍና ለወይዘሮ ቶሜ አደርስላቸዋለሁ፤ እሳቸው ለአቶ ሙኮያማ ኢሳዎ ያደርሳሉ፤ እንዲህ እያለ ሰፈሩን ዞሮ ወደ እኔ ይመለሳል። ባዶውን አይሄድም፤ በጨው የተቀመጠ ጎመን ወይም ትኩስ ሐሜት አስከትሎ ነው። እውነቱን ልንገርዎና ወረቀቱን ጠበቅ አድርጎ የሚያነብ ሰው ብዙ አልነበረም። የሰሌዳው ትልቁ ሥራ መነበቡ ሳይሆን መቆሙ ነበር። ሰሌዳው አንድ ቤት ላይ ከቆመ፣ ቀጣዩ ጎረቤት «ምነው ቀረብኝ?» ብሎ ሄዶ በር ያንኳኳል። አቶ ሙኮያማ በረዶ ሊጠርጉ ጣራ ወጥተው ከቤቱ ጀርባ የወደቁ ጊዜ ያገኘናቸው ሰሌዳው እሳቸው ዘንድ ስለቆመ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ሰው በተሰበሰበበት፣ «እኔ እኮ ሐኪም ያዳነኝ አይደለሁም፤ ሰሌዳ ያዳነኝ ነኝ» ይላሉ።

ወይዘሮ ቶሜ ባለፈው ወር፣ በረዶው መስኮት በሸፈነበት ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት በወጥ ቤታቸው ወለል ላይ ወደቁ። የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ መነሣት አልቻሉም። ሰሌዳ ቢኖር ኖሮ የዚያን ዕለት በበራቸው እጀታ ላይ አንጠለጥልላቸው ነበር፤ ስላላሳለፉትም ማክሰኞ አቶ ሙኮያማ እያጉረመረሙ በራቸውን ይደበድቡ ነበር። ሰሌዳ ግን አልነበረም። ማታ ማታ በወጥ ቤታቸው መስኮት ብርሃን ብልጭ ሲል ያዩት አቶ ሙኮያማ፣ «ቶሜ እንደሁ እንቅልፍ የላት፤ ደግሞ ምን እየጎረጎረች ነው» ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ። የሚበራው ታብሌቱ ነበር። ሐሙስ ዕለት ላምባ የሚያድለው ሰው በሩን ገፍቶ አገኛቸው። ሐኪሙ ሕይወታቸው ያለፈው ረቡዕ ነው አለ።

ከቀብሩ በኋላ ክፍልዎ ድረስ መጥቼ፣ አንዲት ብቸኛ ሴት ያን ያህል ቀን ድምፅ ስታጠፋ እንዴት አላወቃችሁም ብዬ ጠየቅሁ። ባለጉዳይ በሚቀበሉበት መስኮት ያለው ልጅ ጨዋ ነው፤ ተነሥቶ አጎንብሶ ሰላም ብሎኛል። የፊቱን ስክሪን ወደ እኔ አዙሮም፣ «እማማ፣ ይኸው ይመልከቱ፤ ምንም ችግር አይታይም። ሁሉንም አንብበዋል። ኧረ ሐሙስ ጠዋትም ሁለት አንብበዋል» አለኝ። ከዚያ ፊቱ ሲቀየር አየሁት። ሐሙስ ጠዋት ወይዘሮ ቶሜ አንባቢ አልነበሩም።

ማክሰኞ ከተነበበላቸው ማስታወቂያዎች አንዱን ልጁ አትሞ ሰጠኝ፤ ከኪሴ አይለይም። ርእሱ «በዚህ የበረዶ ወቅት ብቻቸውን የሚኖሩ ጎረቤቶቻችንን እንጠይቅ» ይላል። ታብሌቱ ይህን ማስታወቂያ ከተኙበት ወለል በላይ፣ ከመደርደሪያው ላይ፣ አብርቶ፣ ዘርግቶ፣ ቀስ ብሎ እስከ ታች አውርዶ፣ «ተነቧል» ብሎላቸዋል። በዚያች ሰዓት ነፍሳቸው አልወጣችም ነበር። ብርሃኑን ያዩት ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

እስከዚህ ድረስ አክብሮቴን ጠብቄ ጽፌያለሁ፤ አሁንም አልተውኩትም። ሆኖም ተቆጥቻለሁ ክቡር ሆይ፣ አንጀቴ አርሯል። ከሞታቸው በኋላ ክፍልዎ «ብቸኛ አዛውንቶችን የሚያጠና ኮሚቴ» ማቋቋሙን በገጹ ላይ አበሰራችሁን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ነውር ስለሆነ አልልም፤ የማስታወቂያው ፊደል ግን ዛሬም በነጭ ላይ ግራጫ ነው።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። በመጪው ሚያዝያ የላይኞቹን መንደሮች ሰሌዳ እንደምትሰበስቡ ሰምተናል። ይተዉላቸው። ገጹም ይኑር፣ ዓሣውም ይዋኝ፤ ሰሌዳውን ግን ይተዉላቸው። እዚያ ከእኛ ይልቅ በረዶው ይከብዳል፣ በርና በርም ይራራቃል።

የእኛን ሰሌዳ ግን መልሱልን ብዬ አላስቸግርዎትም፤ ሌላ ሠርተናል። የወይዘሮ ቶሜን ልጅ አስፈቅደን አቶ ሙኮያማ የእናቱን የመክተፊያ ጣውላ በስተው ገመድ አሰሩበት፤ የቢላዋው ጭረት እንዳለ ነው። ባለፈው ሳምንት ባልደረባዎ መጥቶ፣ «ሁለት መንገድ ካለ አንባቢው ግራ ይጋባል፤ መጽሐፉም እንዲህ ይላል» ብሎ ሊወስድብን ሞክሮ ነበር። አቶ ሙኮያማ፣ «ስንተኛው መጽሐፍ?» ሲሉት ሰሌዳውን ትቶ ወደ መኪናው ሄደ። አምስቱንም ስላነበብኩ እኔ ልመልስለት፤ የትኛውም እንዲህ አይልም።

ሰሌዳው ሰፈሩን ሲዞር የመጨረሻው ቤት የእርስዎ ነው። የእኛ ሰፈር ሰው ነዎት፣ ብቻዎንም ነው የሚኖሩት። ሰኞ ጠዋት በበርዎ እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ ያገኙታል፤ ማኅተምዎን አሳርፈው ወደ እኔ ይመልሱት። አብሮ የሚልኩት ጎመን ከሌለዎት ግድ የለም። ካልመጣልኝ ማክሰኞ በርዎን አንኳኳለሁ፤ ካልከፈቱም አቶ ሙኮያማ በበረዶ አካፋቸው ይከፍቱታል። ይህን የምናደርገው ስለምንወድዎ እንዳይመስልዎት። ወለል ላይ የወደቀ ሰው ማን እንደሆነ ሳይጠየቅ ይነሣል፤ በሰፈራችን እንዲህ ነው።

የተዋስኳቸውን መጻሕፍት በሙሉ አክብሮት ወደ መደርደሪያው፣ ከፎቶግራፍዎ ሥር መልሻለሁ፤ አሁን በቀላሉ ይከፈታሉ። ለአስተዋይነትዎ፣ ለትዕግሥትዎና ለመቶ በመቶዎ ደጋግሜ እጅ እየነሣሁ፣ ቀጣዩ ሽልማትዎ ሰው የማይወድቅበት እንዲሆን እየተመኘሁ፣

የታችኛው ድልድይ ሰፈር ነዋሪና ያልተሸለመች አንባቢዎ፣
ኦሳናይ ፉሳኮ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የወይዘሮ ቶሜ ታብሌት የአስተዳደሩ ንብረት ስለሆነ ልጃቸው እኔ ዘንድ አስቀምጦታል፤ እስክትረከቡኝ ድረስም ከኤሌክትሪክ እንዳልነቅለው ባልደረቦችዎ አሳስበውኛል። ትናንት በራና ዓሣው ክንፉን እያውለበለበ ለወይዘሮ ኩዙማኪ ቶሜ «የወሩ ምርጥ አንባቢ» የሚል ምስክር ወረቀት አመጣላቸው። እሱንም እስከ ታች አነበቡት። ይህን ደብዳቤ በገጹ ላይ እንዲያወጡልኝ የምጠይቅዎም ስለዚህ ነው፤ እርስዎ ባያነቡት እንኳ እሳቸው ያነቡታል።