የተባረከው በርሜል

ሰኞ፣ ቢቸና

ማንም አልመጣም። በርሜል ሙሉ መድኃኒት በጥብጬ፣ መርጫውን ታቅፌ ከከተማው በታች ያለው መስክ ላይ ተገትሬ ዋልኩ። ከብቱ ፊቴ ይግጣል። ባለቤቶቹ ራቅ ብለው ተቀምጠው ያዩኛል። አንድ ሰው እንኳ ላሙን ሳብ አድርጎ አላመጣም።

የሚያናድደኝ የነገሩ ግልጽነት ነው። የከብቱ ጆሮ፣ ጡት፣ የጅራት ሥር መዥገር ብቻ ነው። ባለፈው ወር በዚሁ መስክ የዋሉ በሬዎች ደም እየሸኑ ሞተዋል። በሽታውን የሚያመጣው መዥገሩ ነው፤ እሱ ከጠፋ በሽታውም ይጠፋል። ከሞጣ ድረስ የተላክሁት ይህን ላስረዳ ነው። እነሱ ግን "ከብት ሊቆጥር ነው የመጣው፣ ግብር ሊጨመርብን ነው" ይባባላሉ። በዚያ ላይ ስሜ ከማል፣ አገሬ ጅማ። ማን ይሰማኛል?

ወደ ማታ ቄስ አላምረው ዘንድ ሄድኩ። አገሬው የሚሰማው እሳቸውን ነው። ስለ መዥገር እስኪሰለቻቸው ለፈለፍኩ። ጢማቸውን እያሻሹ ሰሙኝና፣ "ልጄ፣ ሰዉ የፈራው ያን በርሜልህን ነው። ነገ እኔ እመጣለሁ" አሉኝ።

ማክሰኞ

ዛሬ እንደኔ ማን አለ!

ቄስ አላምረው ጥላቸውን ዘርግተው መጡ። ሁለት ቃል ይናገሩልኛል ብዬ ስጠብቅ በርሜሉ አጠገብ ቆመው ጸሎት ጀመሩ። ረጅም ጸሎት ነው። ሲጨርሱ በርሜሉን በመስቀላቸው ባረኩና "በሉ፣ ከብታችሁን አምጡ" አሉ። እኔ እስላም ነኝ፣ ምን እላለሁ? የሳቸውን ሥራ ለሳቸው ተውኩ።

ከዚያማ ከብቱ ጎረፈ። ጆሮ ውስጥ፣ ጡት ዙሪያ፣ ከጅራት ሥር፣ ከአንገት ሥር፣ ስረጭ ዋልኩ። ክንዴ ዝሏል። ጉሮሮዬ እስኪነቃ ተናገርኩ፦ እስኪደርቅ ከብቶቹ እንዳይልሱት፤ ጡት ሳታጥቡ አትለቡ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ይደገማል።

ወይዘሮ ዘነቡ የሚባሉ ባልቴት ቀይ ላማቸውን ከነጥጃዋ ይዘው መጡ። "ከሷ በቀር የለኝም፣ አደራህን" አሉኝ። ላሚቱን ረጨሁላቸው። ጥጃዋ ገና ለጋ ስለሆነች ለሌላ ቀን ተውኳት።

ሴቶቹ ገንቦና ቅል ይዘው በርሜሉን ከበውት ነበር። ውኃ ያመጡልኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። የመጨረሻውን በሬ ረጭቼ፣ የተረፈውን ጉድጓድ ቆፍሬ ልደፋ ስመለስ በርሜሉ ባዶ ነው። ድካሜን አይተው ደፍተውልኝ ይሆናል። ደግ ሕዝብ።

ረቡዕ

የጭነት መኪና ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ሾፌሩ ጎማ እየቀየረ ነው። 

ጠዋት ወይዘሮ ዘነቡ እየሮጡ መጡ። ላሚቱ ትንቀጠቀጣለች፣ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ትሄዳለች። የመዥገሩ በሽታ ቀድሞኝ ይሆናል ብዬ ሮጥኩ። ስደርስ ወድቃ ትንፈራገጣለች። ካፏ የሚወርደው ለሃጭ የኔን በርሜል ይሸታል።

"ምን አበሏት?"

"ምንም። ጠበሉን ብቻ ነው ያጠጣኋት።"

"የምን ጠበል?"

"ትናንት የተባረከውን ነዋ!"

 ጠበል ሲረጭ አይቻለሁ፤ እንደሚጠጣ ግን ፈጽሞ ትዝ አላለኝም። እሳቸውን የገረማቸው የኔ ጥያቄ ነው። "የሚረጭ ብቻ፣ የማይጠጣ ጠበል አለ እንዴ? ላይዋ ድኖ ውስጧ ሊቀር?" አሉኝ።

ሰውስ? ሰው ጠጥቷል? ምላሳቸው እስኪፈታ ትዕግሥት አጣሁ። በመጨረሻ ነገሩኝ፦ ጠበል በባዶ ሆድ ነው የሚጠጣው፤ ትናንት ደግሞ ሁሉም በልቶ ነበር። ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ጾም። ስለዚህ ሰዉ በየቤቱ አስቀምጦታል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቢቸና ጾሙን በኔ የመዥገር መርዝ ሊፈታ ነው! ትናንት ቀኑን ሙሉ መድኃኒት፣ መድኃኒት ስል የዋልኩት እኔው ነኝ። መርዝ ነው ብዬ ለማንም አልነገርኩም።

መርዙን እንዲይዝልኝ ከሰል አስወቅጬ፣ በውኃ በጥብጬ ላሚቱን እንደምንም ጋትኳት። ጎረቤቶች ወተት ይዘው መጡ። "ወተት አይሆንም! ይብስባታል!" ብዬ ጮህኩባቸው። ከብቱን ያጠጣ ሁሉ ከሰል እንዲግት ነግሬ ወደ ቤተ ክርስቲያን በረርኩ።

ቄስ አላምረውን ደጁ ላይ አገኘኋቸው። "አባ፣ የባረኩት መርዝ ነው። ሰዉ ሊጠጣው ነው" አልኳቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። ወዲያው ደወል አስደወሉ።

ሰዉ ሲሰበሰብ ልናገር ብሞክር "ይኼ እስላም በረከታችንን ሊያስደፋን ነው!" የሚል ድምፅ ተነሣ። ቄስ አላምረው እጃቸውን አነሡ። "የባረክሁት እኔ ነኝ። የባረክሁትም ከብቱ እንዲድን ነው። ሰው ከጠጣው ይሞታል። ሳልጠይቅ ነው ያደረግሁት፤ ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት! ይህን ሁሉ የሰማሁት ከደጁ ውጭ ቆሜ ነው። ጥፋቱ የሳቸው ብቻ አልነበረም።

በዚህም አላበቃም። የተባረከ ነገር እግር በሚረግጠው ቦታ አይደፋም። መንገድ ላይ ድፉ ቢባሉ እሺ የሚል ጠፋ። በመጨረሻ ቄስ አላምረው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ሰው በማይሄድበት ጥግ፣ ጉድጓድ አስቆፈሩ። እኔ ከምንጭ የራቀ ይሁን ከማለት በቀር ሌላ አልጠየቅሁም። ገንቦው፣ ቅሉ፣ ጠርሙሱ እየመጣ ተገለበጠ። ለሕፃናት ያቀመሱ እናቶች ነበሩ።  ሕፃናቱ ግን ሸቷቸው ሁሉም ተፍተውታል። የጤና ጣቢያው ድሬሰር አያቸው፤ ደህና ናቸው።

ወይዘሮ ዘነቡ ባዶ እጃቸውን መጡ።

"የርስዎስ?" አልኳቸው።

"ከላሚቱ የተረፈውን በጠርሙስ አድርጌ፣ ጎሕ ሲቀድ በመኪና ለልጄ ላክሁት። ሞጣ ለምትኖረዋ። ወሯ ገብቷል፣ ማርያም በሰላም ትገላግላት ብዬ።"

እርጉዝ ናት። እርጉዝ ደግሞ አትጾምም።

የከተማው ስልክ አይሠራም። ቄስ አላምረው፣ ወይዘሮ ዘነቡና እኔ ባገኘነው መኪና ላይ ወጣን። ወይዘሮ ዘነቡ ያችን አንዲት ላማቸውን ወድቃ ትተዋት መጡ። ዞረው እንኳ አላዩዋትም። ጎማው ተቀይሯል፣ ልንሄድ ነው።

ሐሙስ፣ ሞጣ

ደህና ናት። መጀመሪያ ይህን ልጻፍ። የወይዘሮ ዘነቡ ልጅ፣ ውባለም፣ ደህና ናት።

የደረስነው ጀምበር ስትጠልቅ ነው። ጩኸቱ ከደጅ ይሰማል። ገብቼ ያየሁት ከዓይኔ አይጠፋም፦ ባሏ ትከሻዋን ጨምድዶ ይዟል፤ አማቷ ጠርሙሱን ካፏ አስጠግተው "ጠጪ! ጠበል የሚጠላ ሰይጣን ነው!" ይላሉ። ጠርሙሱ እንደደረሰ አሽትታው አንገሽግሿት ነበር። እምቢ ባለች ቁጥር ቤተሰቡ ሰይጣን ይዟታል አለ። የባሰው ደግሞ እሷም ማመኗ ነው። "ጠበል ጠላሁ፤ ምን ገባብኝ?" እያለች ታለቅሳለች። ትንሽ ብንዘገይ ኖሮ ራሷ አፏን ትከፍትላቸው ነበር።

ቄስ አላምረው ጠርሙሱን ነጠቁ። "ልጄ፣ ሰይጣን የለብሽም። አፍንጫሽ ነው ያዳነሽ" አሏት።  እናቷ አቅፈዋት እሪ አሉ። እኔ ጠርሙሱን ተቀብዬ ወጣሁ፤ ጉድጓድ ቆፍሬ ደፋሁት።

ጠዋት ለአለቃዬ ሁሉንም ነገርኩት። ጠረጴዛውን መታ። "ዳግመኛ ቄስ ወደ በርሜል እንዳታስጠጋ!" አለኝ። እሺ አልኩ። ግን ያለ ቄሱ ሰኞን ነው የምደግመው። ያለ ቄሱ ትናንት ስንት ሰው እንቀብር ነበር?

ዓርብ፣ ቢቸና

ላሚቱ ሞታለች። ረቡዕ፣ እኛ መንገድ ላይ ሳለን። ሥጋዋን ሰውም ውሻም እንዳይነካው ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍሬ አስቀበርኳት። ሌሎቹ ጠጥተው የነበሩት ከብቶች ተርፈዋል።

ወይዘሮ ዘነቡ ዘንድ ሄድኩ። "ላም ናት፤ ልጄ ተርፋልኛለች" አሉ እሳቸው። ከዚያ ጥጃዋ ስትጮህ ሰሙና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሸፍነው አለቀሱ። 

በመስኩ ሳልፍ የረጨኋቸውን ከብቶች አየሁ። ጆሯቸው ንጹሕ ነው፣ መዥገሩ ረግፏል። ማክሰኞ ቢሆን ዘልዬ አልጠግብም ነበር።

ቅዳሜ

ከወንዙ ማዶ ያሉት ከብቶች አልተረጩም። ፈራሁ፤ ግን ካልረጨሁ እንደገና ደም ይሸናሉ። በርሜሉን ሞላሁና ቆምኩ። ሰዉ እንደ ሰኞው ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

ቄስ አላምረው መጡ። "አባ፣ እባክዎ በርሜሉን..." ስል "አውቃለሁ፣ ዞር በል" አሉኝ። ጀርባቸውን ለበርሜሉ ሰጥተው ከብቶቹን ባረኩ። ሲጨርሱም ማንም አልተነሣም።  በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ።

ከሁሉም በፊት የተነሡት ወይዘሮ ዘነቡ ናቸው። ጥጃዋን በገመድ እየሳቡ መጥተው በርሜሉ ፊት ቆሙ።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"መርዝ ነው" አልኳቸው።

"አልሰሙህም፣ ጮክ በል።"

"መርዝ ነው!" አልኩ። መስኩ ሙሉ ሰማ።

"እንግዲያው ቅባልኝ" አሉና ጥጃዋን ወደኔ ገፋ አደረጓት። ገና ለጋ ናትና ሳልረጫት ጨርቅ ነክሬ ጆሮዋ ላይ ያለውን መዥገር መቀባት ጀመርኩ። ጥጃዋ ጆሮዋን እያራገበች አስቸገረችኝ። አዩኝና ጎንበስ ብለው ጆሮዋን ያዙልኝ።