ለልጄ ስለመረጡላት አባት

ለተከበሩ የቴሌቪዥን የዳንስ ውድድር ዋና ዳኛ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ አባትነቴ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ዋና ዳኛ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ በተለይም ለወገብዎ (በዚያ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ረጅም ሰዓት መቀመጥ ምን ያህል እንደሚያደክም የወንበር ሰው ስለሆንኩ አውቃለሁ)፣ እንዲሁም በየሳምንቱ ሳይሰስቱ ለሚያፈሱልን እንባ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትህትና አቀርባለሁ። እኔ አሮጌ ሶፋ አፍርሼ፣ ስፖንጅና ጨርቁን ቀይሬ የምኖር ሰው ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ አንደበቴ ይይዘኛል፤ እኔ አንድ ቃል እስካወጣ ሌላው ሰው ወሬውን ጨርሶ ቤቱ ይገባል። እጄ ግን አይንተባተብምና ይህን ደብዳቤ ያለ ችግር እንደሚያነቡት ተስፋ አለኝ።

እሁድ ለፍጻሜ የምትቀርበው ዝምተኛዋ ተወዳዳሪ ልጄ ናት። ይህን በአደባባይ መጻፍ ያስፈለገኝ በእርስዎ ፕሮግራም መሠረት አባቷ ሌላ ሰው በመሆኑ ነው። የእርስዎን ውድ ጊዜ እንዳልሻማ ቅሬታዎቼን በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ውጤት አሰጣጥዎ። በዳንስ ውድድር ላይ ለችሎታ ሠላሳ፣ ለስብዕና ሰባ ነጥብ መመደብ ትልቅ ጥበብ መሆኑን አልክድም። ባለፈው ሳምንት ውሻው የጠፋበት ተወዳዳሪ የዳንሱን ግማሽ ረስቶ መሀል መድረክ ላይ እጁን ሲያውለበልብ፣ እርስዎ ከመቀመጫዎ ተነስተው እውነተኛነቱ ልብዎን እንደነካው መሰከሩለት። ውሻው ተገኝቷል መባሉን ሰምቼ እንደማንም ሰው ደስ ብሎኛል፤ የጠፉት እርምጃዎች ግን እስካሁን የት እንደደረሱ አልተነገረንም። ከእሱ ቀጥላ የወጣችው ልጄ በአንድ እግሯ ስትሽከረከር አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ፤ ሙዚቃው ድንገት ሲቆም እሷም እዚያው ቆመች፣ የቀሚሷ ጫፍ ብቻ ትንሽ ዘግይቶ ወረደ። እርስዎም በደግነትዎ «ቴክኒክሽ እንከን የለውም፤ ማን እንደሆንሽ ግን ልናውቅሽ አልቻልንም» አሏት። ይህችን አባባልዎን እባክዎ ለጊዜው ይያዙልኝ።

ሁለተኛ፤ የልጄን ሕይወት በቅርብ ለማሳየት ወደ ቤታችን ስለመጣው የቀረጻ ቡድንዎ። ልጄ ስቱዲዮ ልምምድ ላይ ነበረች። አዘጋጇ በራፋችን ላይ ደርሳ አባትየው ማን እንደሆነ ስትጠይቅ፣ እኔ መዶሻዬን እንደያዝኩ «እ… እ…» ብዬ ጀመርኩ። የቀረውን ለመስማት ጊዜ ስላልነበራት በጎኔ አልፋ ገባች። ሳሎን ውስጥ የባለቤቴ ወንድም ተቀምጧል፤ ወሬ ከጀመረ ማቆሚያ ስለሌለው ሰፈሩ በሙሉ «ሬዲዮ» ብሎ የሚጠራው፣ ልቡ ግን ተንኮል የማያውቅ ሰው ነው። ስለ ልጅቷ እንዲያወራ ጠየቁት፤ ሬዲዮን አውራ ብሎ መለመን ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ ሰፈራችንን ቢጠይቁ ይነግሩዎታል። ሳቀ፣ አሳቀ፣ ደረቱን መታ፣ እንባውን ጠረገ። ባለቤቴም ወንድሟ እንደ አጎት የሚናገር መስሏት ከጎኑ ተቀምጣ ፈገግ ትላለች። እኔን ደግሞ ሥራ ፈትቼ እንዳልቆም ብለው መሰለኝ፣ አንድ ትልቅ ነጭ ሰሌዳ አስያዙኝና ብርሃኑን በሬዲዮ ፊት ላይ እንዳሳርፍ አዘዙኝ። አንድ ነገር ልናገር አፌን ስከፍት ዝም እንድል በጣታቸው ምልክት ሰጡኝ። ክንዴ እስኪዝል ይዤላቸዋለሁ፤ ምስሉ ጥርት ብሎ ከወጣ የእኔም አስተዋጽኦ አለበትና ምስጋናውን ከቀረጻ ቡድንዎ ጋር እካፈላለሁ።

ሦስተኛ፤ ፕሮግራሙ በተላለፈበት ቀን ሬዲዮ ብቅ ሲል ከሥሩ «አባት» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ተራኪዋም ባለቤቴንና ወንድሟን «በትዳራቸው የጸኑ ጥንዶች» ብላ አስተዋወቀቻቸው። ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ እህትና ወንድምን በሕዝብ ፊት የዳረ ሌላ ቴሌቪዥን ይኑር አይኑር አላውቅም፤ እንኳን ደስ ያላችሁ። ባለቤቴ ያን ዕለት ጎረቤት በምን ዓይኗ እንደምታይ ጨነቃት። በማግስቱ ደውላ ስታስረዳ፣ አዘጋጇ እጅግ ካዘነች በኋላ፣ ተመልካቹ ግን አባትየውን ክፉኛ እንደወደደው፣ አሁን ቢታረም ልጅቷን ውሸታም እንደሚያስብላት ገለጸችልን። ስህተቱ የእናንተ፣ ውሸታሟ የእኔ ልጅ! ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ፤ ያልተናገርኩት ስላልተቆጣሁ እንዳይመስልዎት።

አራተኛ፤ ስለ እሁድ። ልጄ ከመጨፈሯ በፊት «አባት» ወደ መድረክ ይጠራል፤ እሷም ሮጣ ታቅፈውና «አባዬ፣ ያላንተ እዚህ አልደርስም ነበር» ትለዋለች። የምትለው ተጽፎ ተሰጥቷታል፤ የት ላይ እንደምታለቅስም ጭምር። አልልም ካለች የስብዕና ነጥቧን «ሊነካው እንደሚችል» በጣም በጨዋ ቋንቋ ተነግሯታል። አሸናፊዋ በትልቁ የዳንስ ቡድን ውስጥ በቋሚነት እንደምትቀጠር እርስዎ ያውቃሉ። ልጄ በስፖንጅ ክምርና በተፈታታ ሶፋ መካከል፣ በእኔ መዶሻ ምት እየተለማመደች ያደገችው ይህን አንድ ቦታ እያሰበች መሆኑን ግን አያውቁም፤ ስላልጠየቁ።

እንግዲህ የተከበሩ ዳኛ፣ አባቷን ለውጣችሁ ስታበቁ ማን እንደሆነች ልታውቋት ባለመቻላችሁ እኔ በበኩሌ አልደነቅም።

ከዚህ በኋላ ያለው ቁጥር የሚሰጠው አይደለም። ልጄ ይህን ሳምንት እህል በአግባቡ አልቀመሰችም። ከትናንት በስቲያ ወደ ሥራ ቤቴ መጥታ ባልተሸፈነ ወንበር ላይ ተቀመጠችና «አባዬ፣ አልልም ካልኩ ያስወጡኛል፤ ካልኩ ደግሞ አንተን… ምን ላድርግ?» አለችኝ። መልስ ልሰጣት ሞከርኩ። ሰው ሁሉ፣ ባለቤቴም ጭምር፣ ቃሌን ከአፌ ነጥቆ ይጨርስልኛል፤ ልጄ ግን አንድም ቀን ጨርሳልኝ አታውቅም፤ ዝም ብላ ትጠብቃለች። ያን ዕለትም ጠበቀችኝ። ቃሉ እምቢ አለ። ግንባሬን አላበኝ፣ አንገቴ ተገታተረ፣ እሷም ዓይኗን ከዓይኔ ሳትነቅል ጠበቀች፤ በመጨረሻ ጉንጬን ስማኝ ሄደች። አባት ሆኜ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ጊዜ የለም። ይህ ደብዳቤ ያን ዕለት ሳልመልስላት የቀረሁት መልስ ነው፤ እርስዎም ስላሉበት ብቻ አድራሻው ላይ ጻፍኩዎት።

ልጄ ሆይ፣ ተጽፎ የተሰጠሽን አትበዪ። ቢያስወጡሽም ባያስወጡሽም ጨፍሪ፤ የቀረውን ለእኔ ተዪው።

የተከበሩ ዳኛ፣ ሬዲዮ ለእሁድ የተላከለትን ሙሉ ልብስ ትናንት መልሶ ልኮላችኋል፤ እስካሁን ካልደረሳችሁ በመንገድ ላይ ነው። እኔ ቤት መጥቶ «መድረክ አልወጣም» አለኝና ሌላ ምንም ሳይናገር ለረጅም ጊዜ አብሮኝ ተቀመጠ። ስለዚህ እሁድ አስተዋዋቂው «የተወዳዳሪዋ አባት ወደ መድረክ ይምጡልን» ብሎ ሲጣራ የሚነሳው ሰው ፊቱ ከለመዳችሁት ይለይባችኋል። መጠራት ከቀረም ሳልጠራ እነሳለሁ። የመግቢያ ትኬቴን ቆርጫለሁ፤ መቀመጫዬም ከእርስዎ ወንበር ጀርባ ነው።

ከእርስዎ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። የእኔን ነገር ለእኔ ትተው፣ ልጄ መድረክ ላይ ስትወጣ ቢያንስ ለአንድ ዳንስ ያህል እግሯን ይመልከቱልኝ። ብትሳሳት ይጣሏት፤ ሳትሳሳት ግን ፈገግታዋ አነሰ ብለው አይጣሏት።

ለዳንስ ጥበብ ሲሉ ዳንሱን ሳይቀር መሥዋዕት ላደረጉት ለእርስዎ፣ ለሥራ ባልደረቦችዎና ሰው ቤት ገብቶ ባለቤቱን ሳያገኝ ለተመለሰው የቀረጻ ቡድንዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት በድጋሚ እየገለጽኩ፣

የእርስዎ ታዛዥና ስብዕና የጎደለው አድናቂ፣
የተወዳዳሪዋ አባት

ግልባጭ፦
ለባለቤቴ፣ የማን ሚስት እንደሆነች በጽሑፍ እንዲኖራት

ማሳሰቢያ፦ እሁድ በቀጥታ ስርጭት ማን እንደሆንኩ ስጠየቅ «የልጅቷ አባት ነኝ» ለማለት ረዘም ያለ ጊዜ ሊወስድብኝ ስለሚችል፣ ማስታወቂያዎቻችሁን ከወዲሁ ብታሸጋሽጉ መልካም ነው። ማንም እንዳይጨርስልኝ። እስክጨርስ ድረስ ዝም ብለው መጠበቅ ከቻሉ ለስብዕናዎ ከሰባው ሰባውን እሰጥዎታለሁ፤ ስለ ዳኝነት ችሎታዎ ግን በራስዎ ደንብ መሠረት ብዙ ነጥብ የለውምና አንስቼ አላስቸግርዎትም።